የታመመ ሕፃን አልበላም ሲል ደረጃ በደረጃ ምን እናድርግ?

«ልጄ ከታመመ ወዲህ ምንም አልቀምስ አለ፤ ምን ላድርግ?» የሚል ጥያቄ አሁንም አሁንም ይደርሰኛል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ማታ ነው፤ ጠያቂው ማንኪያ እንደያዘ፣ ልጁም ፊቱን እንዳዞረ። ለሁሉም የምመልሰው ያው ስለሆነ፣ ሙሉውን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙ። ልጅ ሲታመም የምግብ ፍላጎቱ መዘጋቱ የሚጠበቅ ነው። ከ6 ወር በላይ የሆነና ከሕመሙ በፊት ደህና የነበረ ልጅ ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ቢቀንስ ይቋቋመዋል፤ ሲሻለው ይክሰዋል። ፈሳሽ ግን ፋታ አይሰጥም። ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ሲጨመርበት ትንሽ ሰውነት በሰዓታት ውስጥ ሊዳከም ይችላል። ስለዚህ በሕመሙ ቀናት ዋናው ሥራችሁ ፈሳሽ ማስገባት ነው። ምግቡ ይደርሳል።

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ወተቱ ምግቡም ውሃውም ነው። ወተት እምቢ ካለ ሁለቱንም እምቢ ብሏል። እንዲህ ያለውን ሕፃን ቤት ውስጥ አታቆዩት፤ ቶሎ አሳዩት።

የምታዘጋጁት

- መርፌ የሌለው የ5 ወይም የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ። ጫፉ ላይ ክዳን ካለ አውጥታችሁ ጣሉት፤ ልጅ ያንቃል።
- ትንሽ የሻይ ማንኪያና ትንሽ ስኒ
- ዲጂታል ቴርሞሜትር
- ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የአፍንጫ የጨው ውሃ ጠብታና የንፍጥ መምጠጫ
- ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት)፣ እንዲሁም ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ
- ፓራሲታሞል፣ ከራሱ መለኪያ ጋር
- እስክሪብቶና ወረቀት
- ሰዓት

ወረቀቱን አትናቁት። ሌሊት በድካም ላይ ሆኖ «መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ሰጠሁት?» ብሎ ማስታወስ ያስቸግራል። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁም መጀመሪያ ይህንኑ ነው።

ደረጃ 1፦ አደገኛ ምልክት መኖሩን እዩ

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለ የቀረውን ማንበብ አቁማችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

- ጨርሶ መጥባት ወይም መጠጣት አቅቶታል
- የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል፤ ወይም ትውከቱ አረንጓዴ ነው ወይም ደም አለው
- አንቀጥቅጦታል
- ደንዝዟል፣ ሲቀሰቅሱት በደንብ አይነቃም፣ ሰውነቱ ልፍስፍስ ብሏል
- ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ያቃስታል፣ ወይም ከንፈሩ ጠቁሯል
- ዕድሜው ከ3 ወር በታች ሆኖ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በዚህ ዕድሜ ሙቅ ልብስ ለብሶም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ ያው አስቸኳይ ነው
- እርግብግቢቱ ጎድጉዷል፣ ወይም ሳያለቅስ ተነፍቶ ቆሟል
- ሰገራው ደም አለው
- 8 ሰዓት ሙሉ ሽንት አልሸናም
- ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ሽፍታ ወጥቶበታል

ትንፋሹንም ቁጠሩ። ልብሱን ከፍ አድርጉና ልጁ ሳያለቅስ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት በላይ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ መታየት አለበት። 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት ያሳስታል፤ ሕፃናት አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት እያሉ ነው የሚተነፍሱት። በፍጥነት የሚተነፍስ ልጅ ላይ ሲሪንጅም ማንኪያም አትሞክሩ። ትን ሊለው ይችላል።

ደረጃ 2፦ ለምን እምቢ እንዳለ ፈልጉ

«አልበላም» ማለት አንድ ነገር አይደለም። ምክንያቱን ካገኛችሁ ግማሹ መንገድ አለቀ።

መጀመሪያ አፉን በብርሃን እዩ። ምላሱ ወይም ጉንጩ ውስጥ ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ካለ የአፍ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምና ይፈልጋል። ድዱ፣ ምላሱ ወይም ላንቃው ላይ ቁስል ካለ፣ ልጁ ርቦት ወደ ምግቡ ይመጣል፣ አንዴ ሲቀምስ ግን ጮኾ ይተፋዋል። ከወትሮው በላይ የሚዝረበረብ ልጋግም የጉሮሮ ወይም የአፍ ሕመም ምልክት ነው፤ መዋጥ ስለሚያመው ምራቁን እንኳ አይውጥም።

ጡቱን ወይም ጡጦውን በጉጉት ይዞ ሁለት ሦስቴ ጠብቶ አፉን ከፍቶ የሚለቅና የሚያለቅስ ከሆነ አፍንጫውን ጠርጥሩ። ሕፃናት የሚተነፍሱት በዋናነት በአፍንጫቸው ነው። አፍንጫው ከተዘጋ መጥባትና መተንፈስ አንድ ላይ አይሆኑለትም።

ሲተኛ የሚብስበት፣ ጆሮውን የሚነካካና ሲጠባ የሚጮህ ከሆነ ጆሮው ሊሆን ይችላል። መምጠጥና መዋጥ የመሃል ጆሮን ግፊት ይለውጣል፤ ያ ያመዋል። እንዲህ ያለው ልጅ ጡጦ እምቢ ብሎ ከስኒ ሊጠጣ ይችላል። የጆሮው ሕመም ራሱ ግን በሐኪም መታየት አለበት።

መድኃኒት ከጀመረ በኋላ የባሰበትም አለ። አንዳንድ አንቲባዮቲክ ያቅለሸልሻል። ያዘዘውን ባለሙያ ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ደረጃ 3፦ አፍንጫውን ክፈቱ

ከመመገባችሁ 15 ደቂቃ ያህል በፊት በእያንዳንዱ አፍንጫ ሁለት ሦስት ጠብታ የጨው ውሃ አድርጉ። ንፍጡ እስኪለሰልስ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁና በመምጠጫው ሳቡት። መምጠጫውን መጀመሪያ ጭመቁት፣ ከዚያ ጫፉን አስገቡ፣ ከዚያ ልቀቁት። አስገብቶ መጭመቅ ንፍጡን ወደ ውስጥ ይገፋል።

በቀን ከሦስት አራት ጊዜ በላይ አትምጠጡ፤ አፍንጫው ውስጡ ያብጥና ይብሳል። የጨው ውሃውንም ቤት ውስጥ በግምት አትበጥብጡት። ጨው ከበዛ ያቃጥላል።

ደረጃ 4፦ ትኩሳቱንና ሕመሙን አስታግሱ

ያተኮሰውና ያመመው ልጅ አይበላም። ፓራሲታሞል ከሰጣችሁት በኋላ ሥራውን እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ መድኃኒቱን ስጡ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ መግቡ። ብዙ ሰው መድኃኒቱንና ምግቡን አንድ ላይ ይሞክርና ሁለቱም ይተፉበታል።

መጠኑ በኪሎ ነው፦ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። ከአንዱ መጠን ወደ ቀጣዩ ቢያንስ 4 ሰዓት፣ የተሻለው 6 ሰዓት ይለፍ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ አይሰጥም። ከ3 ወር በታች ያለ ሕፃን ሐኪም ሳያየው አይሰጠው።

እዚህ ጋ ትልቁ አደጋ ጠርሙሱ ላይ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም ይበቃዋል። ጠርሙሱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር ልክ ነው። ነገር ግን በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የያዘ ጠብታም አለ። ያንን 5 ሚሊ ሊትር ብትሰጡት 500 ሚሊ ግራም ሰጣችሁ ማለት ነው፤ ከሚፈቀደው ከአራት እጥፍ በላይ። ጉበት የሚጎዳው እንዲህ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በየጊዜው አንብቡ፤ ጎረቤት «እኔ ይህን ያህል ነው የምሰጠው» ያለችው የእናንተን ጠርሙስ አይመለከትም።

አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። አይቡፕሮፌንም ፈሳሽ ላነሰውና ለሚያስመልስ ልጅ ኩላሊት ስለሚያሰጋ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም። መድኃኒቱን ጡጦ ሙሉ ወተት ውስጥ አትቀላቅሉት፤ ወተቱን ካልጨረሰ ምን ያህል እንደወሰደ አታውቁም፣ ከዚያም አልፎ ወተቱን ሊጠላ ይችላል። በቀዝቃዛ ውሃ ወይም በአልኮል አትሹት። ልብሱን አቅሉለት፣ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ ስጡ

የዚህ መመሪያ እምብርት ይህ ነው። አንድ ጡጦ ሙሉ እምቢ ያለ ልጅ አንዲት ማንኪያ ላይከለክላችሁ ይችላል።

ልጁን ጭናችሁ ላይ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ጭንቅላቱን ክንዳችሁ ይደግፈው። አታጋድሙት። የሲሪንጁን ጫፍ በከንፈሩ ጥግ አስገቡና በጉንጩና በድዱ መካከል አሳርፉት። 1 ሚሊ ሊትር ያህል ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ጠብቁ። ጉሮሮው ከፍ ብሎ ሲመለስ ታያላችሁ፤ ዋጠ ማለት ነው። ከዚያ ቀጣዩን። በቀጥታ ወደ ጉሮሮው አትርጩ፤ ሳይዘጋጅ የመጣ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ይገባል። ካሳለው አቁሙ፣ ቀና ይበል፣ ይረጋጋ።

የማያስመልስ ልጅ በየሁለት ሦስት ደቂቃው 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ይችላል። ካስመለሰ 10 ደቂቃ ሆዱን አሳርፉና በየ5 ደቂቃው በአንድ ማንኪያ እንደገና ጀምሩ። ትንሽ ይመስላል። ግን ቁጠሩት፦ በየ5 ደቂቃው 5 ሚሊ ሊትር በሰዓት 60 ሚሊ ሊትር ነው። ሆዱ ከረጋ ደግሞ ታፈጥኑታላችሁ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሌላ ሰው ካለ በየተራ ያዙት።

ምን ይሰጠው? ከ6 ወር በታች ከሆነ የጡት ወተት፣ ወይም የለመደውን የዱቄት ወተት። ውሃ፣ ሻይና ጭማቂ አይሆንም። ሆዱን ይሞሉና የወተቱን ቦታ ይይዛሉ፤ ብዙ ተራ ውሃ ደግሞ የደሙን ጨው ያቀጥናል። በዚህ ዕድሜ ኦአርኤስ የሚሰጠው ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ፣ ከጡት በተጨማሪ ነው።

ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ ኦአርኤስ ከሁሉ ይበልጣል። በውስጡ ያለው ጨውና ስኳር በልክ ስለሆነ አንጀት ውሃውን ይዞ እንዲያስገባ ያግዘዋል። እሽጉ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ተከተሉ። ብዙዎቹ ለ1 ሊትር ናቸው፤ ያነሰ የሚፈልጉም አሉ። ግማሹን ዱቄት በግምት ቆንጥሮ መበጥበጥ አይቻልም። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል።

ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ጭማቂ አትስጡ። የበዛ ስኳር ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሳል።

ደረጃ 6፦ ጡት እምቢ ካለ

አታስገድዱት። አፉን ወደ ጡት መግፋት ልጁ ጡትን ከትግል ጋር እንዲያያይዝ ያደርጋል። ይልቅ ክፍሉን ጸጥና ደብዘዝ አድርጉ፣ ልብሱን አውልቃችሁ ቆዳችሁ ላይ አስተኙት፣ ጡቱ አጠገቡ ይሁን። እንቅልፍ ሊወስደው ሲል ወይም ሊነቃ ሲል ብዙ ሕፃናት ሳይታገሉ ይጠባሉ። አፍንጫው ከተዘጋ ቀና አድርጋችሁ አጥቡት። አንዱ ጆሮ ካመመው ያ ጆሮ ወደ ክንዳችሁ እንዳይጫን ጎን ቀይሩ።

እንቅልፍ የመጣበትንና ሕመም ያደነዘዘውን ለዩ። የመጀመሪያው ሲነካ ይነቃል፣ ይነጫነጫል። ሁለተኛው ቢነኩትም ግድ የለውም፤ እሱ ወደ ሐኪም ነው።

ልጁ እምቢ ባለ ቁጥር ወተቱን እለቡት። ወተቱ ካልወጣ ጡቱ ይደነድናል፣ ይታመማል፣ ምርቱም ይቀንሳል። የታለበው በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። በስኒ ስትሰጡት የስኒውን ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፉና ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ አዘንብሉት። ራሱ በምላሱ ይቀበላል። አታፍስሱበት።

የዱቄት ወተት የሚጠጣ ከሆነ እንደ ወትሮው በልኩ በጥብጡ። ማቅጠን ጉልበትና ጨው ያሳጣዋል፤ ማወፈር ኩላሊቱን ያደክማል።

ደረጃ 7፦ ምግብ

ይህ ከ6 ወር በላይ ላሉት ነው። ለስላሳ የሆነ፣ የለመደውና የሚወደው ነገር ይሁን። የሕመም ቀን አዲስ ምግብ ማስተዋወቂያ አይደለም። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ፣ ሁለት ሦስት ማንኪያ ብቻ አቅርቡ። የሚገባው ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱ ማንኪያ ጉልበት ይኑረው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጣል ማድረግ ይረዳል። አፉ ከቆሰለ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ይቀለዋል፤ ጎምዛዛ፣ ጨው የበዛበትና ትኩስ ነገር ራቁ። ማር ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ለሳልም ቢሆን፣ አይሰጥም፤ ሕፃንን ክፉኛ የሚመርዝ የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል።

10 ወይም 15 ደቂቃ ሞክሩ። አፉን ከዘጋ ሳህኑን አንሱ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ።

ደረጃ 8፦ ዳይፐሩን ቁጠሩ

በቂ ፈሳሽ እየገባ መሆኑን የሚነግራችሁ የጠጣው ሳይሆን የሸናው ነው። ደህና ሕፃን በቀን ስድስት ያህል ያረጥባል። በ24 ሰዓት ከ4 በታች ከሆነ፣ ወይም ሽንቱ ጠቆር ብሎ ከሸተተ፣ እየደረቀ ነው። ዘመናዊ ዳይፐር ፈሳሹን ስለሚመጥ ደረቅ ሊመስል ይችላል። አንድ ንጹሕ ዳይፐር በአንድ እጅ፣ የተጠቀመውን በሌላ እጅ ያዙና ክብደቱን አወዳድሩ። ተቅማጥ ካለበት ሽንቱ ከሰገራው ጋር ስለሚቀላቀል ውስጡ ትንሽ ጥጥ አስቀምጡ።

አፉን በንጹሕ ጣት ንኩ፤ ምራቅ አለ? ሲያለቅስ እንባ ይወጣል? (ገና የሳምንታት ሕፃን ከሆነ እንባ ላይኖረው ስለሚችል በዚህ አትመዝኑት።) በእምብርቱና በጎኑ መካከል ያለውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋችሁ ልቀቁ። ወዲያው ካልተመለሰ ፈሳሽ አንሶታል፤ ከ2 ሰከንድ በላይ ከቆየ አስቸኳይ ነው። የሚወስደው ወተት ለአንድ ቀን ከወትሮው ከግማሽ በታች ከሆነም፣ ሌላ ምልክት ባይኖር እንኳ አሳዩት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ከሁሉ የሚከፋው መጋት ነው። አፍንጫ ይዞ፣ እጅ አስሮ፣ አፍ ከፍቶ ማፍሰስ። ልጁ እየጮኸ ሳለ የፈሰሰበት ነገር ከጩኸቱ ጋር ወደ ሳንባው ይሳባል፤ በጉንፋን የመጣ ልጅ በሳንባ ምች የሚተኛው አንዳንዴ እንዲህ ነው። የምታደርጉት ከጭንቀት መሆኑ ይገባኛል። ግን በፍጹም አታድርጉት።

ሌላው፣ «ሆዱ ይረፍ» ብሎ በተቅማጥ ጊዜ ጡትና ምግብ መከልከል ነው። የታመመ አንጀት የሚድነው እየተመገበ ነው። ለተቅማጥ ዚንክም ጠይቁ፤ ከ6 ወር በታች በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም ለ10 እስከ 14 ቀን ይታዘዛል። ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ይውሰድ።

ከሌላ ልጅ የተረፈ አንቲባዮቲክ መስጠትም አለ። አብዛኛው ጉንፋንና ተቅማጥ ከቫይረስ ስለሆነ አይረዳም፤ ሆዱን ግን ያውካል።

የመጨረሻው፣ ሲሻለው መርሳት ነው። ትኩሳቱ ሲለቅ ምግቡ በማግስቱ ላይመለስ ይችላል፤ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ፍላጎቱ ሲከፈት ግን ለ2 ሳምንት ያህል በየቀኑ አንድ ተጨማሪ ማዕድ ስጡት፤ የቀነሰውን ኪሎ የሚመልሰው ያኔ ነው። ሕመሙ አልፎ አንድ ሳምንት ሞልቶት ፍላጎቱ ካልተመለሰ፣ ወይም ልብሱ እየሰፋው ከሄደ፣ ወስዳችሁ አስመዝኑት።